የበረዶ ስንቅ

መንገድ ያለ ስንቅ አይታሰብም። የቀድሞ ሰዎች ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ ባሰቡ ጊዜ አስቀድመው የሚያሰናዱት በቅሎና በትር ብቻ አልነበረም። ገብሱ ተቆልቶ በሶ ይሆናል፤ ዳቦ ቆሎው ይቆላል፤ ሥጋው ተዘልዝሎ በገመድ ላይ ተሰቅሎ ቋንጣ ይሆናል፤ እንጀራውም በፀሐይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይባላል። ይህን ሁሉ ያሰናዱ እናቶች የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጡ ቢሆኑም፥ የስንቅን ጠላት ጠንቅቀው ያውቁት ነበር፤ ጠላቱም እርጥበት ነው። ውኃ የሌለበት ምግብ ቶሎ አይበላሽምና፥ ውኃውን ከምግቡ አስወጥተው መንገደኛውን በደኅና ያሰናብቱታል።

በዘመናችን ግን ሌላ ዐይነት ስንቅ ተነሥቷል። ይኸውም እርጥበቱ ሳይወጣለት በብርድ ኃይል የጸና፥ እንደ ድንጋይም የጠነከረ ምግብ ነው። ይህ ስንቅ ከቀድሞው ስንቅ በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል። ቋንጣ አንድ ጊዜ ከደረቀ በኋላ ብዙ ጠባቂ አይሻም፤ የእናቲቱም ሥራ በቤቷ ደጃፍ ላይ ያልቃል። የበረዶው ስንቅ ግን ከቤት ሲወጣ ሥራው ተጀመረ እንጂ አላለቀም፤ ከሚነሡበት ሰዓት እስከሚደርሱበት ሰዓት ድረስ እንደ ሕፃን ይጠበቃልና። ጠባቂው ጥቂት ቢዘናጋ፥ ስንቁ ወደ ቀድሞ ባሕርዩ ይመለሳል፤ ተመልሶም ማን እንዳዘናጋው አይናገርም።

ምግብን በብርድ ለማቆየት የደከሙ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። በእንግሊዝ አገር ስሙ የገነነው ፈላስፋ ፍራንሲስ ቤከን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1626 ዓ.ም. በሠረገላ ሲሄድ፥ እንደ ባዘቶ የነጣ አመዳይ ምድሩን ሸፍኖት አየ፤ ሥጋ በጨው እንደሚቆይ በአመዳይም ይቆይ ይሆን ብሎ ከሠረገላው ወረደ፤ ከአንዲት ድኻ ሴትም ዶሮ ገዝቶ፥ ሆድ ዕቃዋ ከወጣ በኋላ በገዛ እጁ አመዳይ ሞላባት፤ በዚያም ብርድ ታሞ ሞተ ብሎ ጆን ኦብሪ የተባለው ጸሐፊ ተርኳል። ታሪኩን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ፤ ፈላስፋው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር መሞቱ ግን እርግጥ ነው። ከእርሱም በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ሲያልፍ፥ በ1893 ዓ.ም. የተወለደ ፍሬድሪክ መኪንሊ ጆንስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ፥ ከልጅነቱ ወላጆቹን አጥቶ ያደገ፥ ትምህርቱንም ሳይጨርስ በራሱ ንባብና በራሱ እጅ የሠለጠነ ሰው፥ በ1930ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በጭነት መኪና ላይ ተተክሎ የመንገዱን መናወጥ የሚችል የማቀዝቀዣ መሣሪያ አበጀ። ከዚያ ወዲህ ሥጋውም ፍሬውም በዚህ መሣሪያ እየተጠበቀ ከዳርቻ እስከ ዳርቻ በጭነት መኪና ይሄዳል።

ዳሩ ግን ቤተ ሰብ በሚጓዝበት አውቶሞቢል ውስጥ የሚቀመጠው የተለመደው የበረዶ ሣጥን ሞተር የለውም። የተሰጠውን ብርድ እንዳይሸሽ ያዘገየዋል እንጂ ከራሱ ብርድ አያመነጭም። ይህን ያላስተዋለ ሰው ሣጥኑን በቤቱ እንዳለው ማቀዝቀዣ ያምነዋል፤ በማመኑም ይሳሳታል። ስሕተቱ እንዴት ያለ እንደ ሆነ፥ የአንዲት እናት ጉዞ ይገልጠዋል።

ይህች እናት ኢትዮጵያዊት ናት፤ የምትኖረውም በአሜሪካ፥ በሜሪላንድ ክፍለ ሀገር፥ በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ነው። ሴት ልጇ ደግሞ በጆርጂያ ክፍለ ሀገር በአትላንታ አጠገብ ትኖራለች፤ በሐምሌ ወርም የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው መንገድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ብዙ ሳያርፉ ቢነዱት እንኳ 10 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በአገር ቤት ቢሆን አራስን ጎረቤት ይጠይቃታል፤ አንዷ ገንፎ፥ አንዷ አጥሚት ይዛ ትመጣለች፤ የአራስ ቤት እሳት አይጠፋም። ይህች ልጅ ግን ባሏ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሥራው ተመልሶ፥ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን ቀን የምትውል ነበረች። በስልክም ለእናቷ፥ «እማዬ፥ ምግብ ሁሉ አስጠላኝ፤ ያንቺን ዶሮ ወጥ ብቀምስ የምበረታ ይመስለኛል» አለቻት። እናቲቱም ይህን ቃል ከሰማች በኋላ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ወንዱ ልጇ በምግብ ማከማቻ ቤት የሚሠራ ነውና፥ እህቱን ለመጠየቅ አብረው እንዲሄዱ ተስማሙና የስንቁን ነገር እርሱ ያዘው። ከጉዞውም ሦስት ቀን አስቀድሞ ሥርዐቱን ነገራት። አስቀድሞ ብርድ የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን ለየ። በርበሬውን፥ ሽሮውን፥ በሶውንና የአጃውን ዱቄት በደረቅ ከረጢት አደረገ፤ የተነጠረውም ቅቤ በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ያለ በረዶ መሄድ እንደሚችል አስረዳት። የተቀቀለውን እንቁላል ተወው፤ እንቁላል ተቀቅሎ በበረዶ ሲጸና ነጩ እንደ ጎማ ይሆናልና፥ ከዚያው ከአትላንታ ይገዛል አላት። በበረዶ የሚሄዱት የተገነጣጠለው ጥሬ ዶሮ፥ በዘይትና በበርበሬ የበሰለው የሽንኩርት ቁሌትና እንጀራው ብቻ እንዲሆኑ ቈረጡ።

ቁሌቱም ገና ትኩስ ሳለ ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ተከፋፍሎ ቶሎ በረደ፤ ከዚያም በከረጢት ሆኖ እንደ መጽሐፍ ተነጥፎ፥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነው የማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ሁለት ቀን ቆየ። ስስ ነገር እስከ ልቡ ቶሎ ይጸናል፤ ወፍራም ነገር ግን ላዩ ሲጸና ልቡ ይዘገያል። ዶሮውም በድርብ ከረጢት ታሽጎ እንዲሁ ተደረገ፤ የጥሬ ሥጋ ፈሳሽ ሌላውን ምግብ እንዳይነካ፥ ከሣጥኑ ታች እንዲቀመጥ ታዘዘ። ሣጥኑ ራሱ ባዶውን በበረዶ ተሞልቶ እንዲያድር ተደረገ፤ ሞቃት ሣጥን የመጀመሪያውን ብርድ ራሱ ይበላዋልና። በነጋም ጊዜ ዕቃው ተጠጋግቶ ገባ፤ በመካከል የቀረውም ክፍት ስፍራ በበረዶ በጸኑ የውኃ ጠርሙሶች ተሞላ። የሞላ ሣጥን ከጎደለ ሣጥን ይልቅ ብርዱን አጥብቆ ይይዛል። ከሁሉ በላይ ደረቅ በረዶ የሚባለው በወፍራም ወረቀት ተጠቅልሎ ተቀመጠ፤ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ይወርዳልና።

ይህ ደረቅ በረዶ የውኃ በረዶ አይደለም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው አየር ከዜሮ በታች በ78 ዲግሪ ያህል ጸንቶ የተገኘ ነው። ሲሟሟም ውኃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ አየርነት ይመለሳል። ስለዚህ ልጁ ወፍራም ጓንት ሳያደርግ አልነካውም፤ ባዶ እጅን እንደ እሳት ያቃጥላልና። የሣጥኑንም ክዳን አየር እንዳይወጣ አድርጎ አላሸገውም፤ የሚወጣው አየር ታፍኖ ሣጥኑን ሊያፈነዳው ይችላልና። የመኪናውንም መስኮት ጥቂት ከፍቶ ሊሄድ ወሰነ፤ አየሩ ሽታ የሌለውና ከምንተነፍሰው አየር የሚከብድ ስለ ሆነ፥ በተዘጋ መኪና ውስጥ ቢጠራቀም ራስን ያሳምማል፥ ትንፋሽን ያጣድፋል፥ ኋላም ሕይወትን ያጠፋል። በ2018 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር፥ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር፥ በዚሁ ምክንያት በመኪና ውስጥ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ምግብን ለማዳን ሲሉ ተሳፋሪን መጉዳት እንዳይመጣ፥ ይህ ነገር ከሁሉ በፊት ይታሰባል።

በመጨረሻም አንድ የሙቀት መለኪያ አውጥቶ አሳያት። እናቲቱም ሳቀችና፥ «በአገራችን ሰው በመለኪያ በልቶ ያውቃልን? አፍንጫዬ መቼ አታለለኝ?» አለችው። ልጇም፥ «እማዬ፥ በአገር ቤት ዶሮዋ ጠዋት ታርዳ ማታ ትበላለች። እኛ ግን ዛሬ የሠራነውን በአራተኛው ቀን በሌላ አገር ልንበላ ነው። አፍንጫሽ የዛሬውን ያውቃል፤ የመንገዱን ግን አያውቅም» ብሎ መለሰላት። እርሷም ዝም አለች፤ ዝም ማለቷ ግን መስማማት አልነበረም።

እናቲቱን ያስጨነቃት አንድ ነገር ነበር። በትልቁ ሣጥን ያለው ሁሉ ከደረሱ በኋላ የሚሠራ ነው፤ ልጂቱ ግን የናፈቃት ያለቀለት ወጥ ነው። በደረሱበት ሰዓት ሰሐኑን አቅርባ፥ ልጇ ስትበላ ተቀምጣ ለማየት ወደደች። ስለዚህ በጉዞው ዋዜማ ማታ ልጇ ሳያውቅ ሌላ ዶሮ ወጥ ሠራች፤ ወጡንም በወፍራም ድስት እንዳለ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በበረዶው ክፍል አስገባች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስታወጣው ላዩ ጸንቶ ነበር፤ በጣቷም ብታንኳኳው እንደ ጣውላ ጮኸ። ልቡ ግን ገና አልጸናም ነበር። ትልቁ ሣጥን ስለ ሞላ፥ ድስቱን የሕፃን መጠጥ በሚቀመጥበት በትንሹና በቀላሉ ነጭ ሣጥን ውስጥ አግብታ፥ አንድ ከረጢት የደቀቀ በረዶ አፈሰሰችበት። ልጇም አይቶ፥ «ይህስ በደንብ ጸንቷልን?» ቢላት፥ «ጸንቷል፤ አታስብ» አለችው። ይህንም ያለችው ልታታልለው ሳይሆን እንዲጸና ስለ ተመኘች ነው። ብዙ ስሕተት ከውሸት ሳይሆን ከምኞት ይወለዳል።

ጉዞው በመልካም ተጀመረ። ቨርጂንያን አልፈው ወደ ሰሜን ካሮላይና እስኪገቡ ድረስ ማለዳው ቀዝቃዛ ነበር። ትልቁ ሣጥን ከኋላ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ማንም አልከፈተውም። ትንሹ ሣጥን ግን የመንገድ ላይ ቤት ሆነ። ከእነርሱ ጋር የሚሄደው የስድስት ዓመት የልጅ ልጅ በየጥቂቱ፥ «አያቴ፥ ጠማኝ» ይላል፤ አያትም ለሕፃን እምቢ ማለት አትችልምና ትከፍትለታለች። በተከፈተ ቍጥር ብርዱ ይወጣል፤ በምትኩም የሐምሌ ሙቀት ይገባል። ፀሐይም በኋላው መስኮት ገብታ በነጩ ሣጥን ላይ ታርፍ ጀመር። ሻርሎት ከተማን ካለፉ በኋላ ሕፃኑ ጠርሙሱን ሲያወጣ፥ በውኃ የራሰ እጁን ለአያቱ አሳያት። በረዶው ውኃ ሆኖ ነበር። እርሷም አየችው፤ ነገር ግን ጥቂት መንገድ ብቻ ቀርቷል ብላ ራሷን አጽናናች።

በደቡብ ካሮላይና ግን በፊታቸው ታላቅ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘጋ። አራት ሰዓት ሙሉ ቆሙ። የውጩ ሙቀት 35 ዲግሪ ደርሶ ነበር። እናቲቱም በዚያ ሁሉ ጊዜ ወደ ኋላ እየተመለሰች ነጩን ሣጥን ትመለከት ነበር፤ ልቧ የሚያውቀውን አንደበቷ አልተናገረም።

በዚህ ስፍራ የምግብ ነገር ሊቃውንት የሚያስተምሩትን መናገር ይገባል። ብርድ ዐይን የማያያቸውን ረቂቃን ተሐዋስያን አብዛኛውን ያስተኛቸዋል እንጂ አይገድላቸውም። በበረዶ ሳሉ የተኙት ሁሉ ምግቡ ሲቀልጥ ይነቃሉ። ከ4 ዲግሪ በታች አብዛኞቹ እርምጃቸው የዘገየ ነው፤ ከ4 ዲግሪ እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ግን ሜዳው የእነርሱ ይሆናል። ሁሉ በተመቻቸው ጊዜ በ20 ደቂቃ አንዱ ሁለት ለመሆን የሚችሉ አሉ፤ በዚህ ስሌት አንዱ በ1 ሰዓት 8፥ በ4 ሰዓት 4,096 ይሆናል። ስለዚህ ሥጋና ወጥ የመሰለ ምግብ በዚህ መካከል ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፥ የአየሩም ሙቀት ከ32 ዲግሪ ባለፈ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ተወስኗል። ከፊሉ ገና በረዶ የያዘ ወይም ከ4 ዲግሪ ያልበለጠ ምግብ ግን ጣዕሙ ቢቀንስም ተመልሶ በበረዶ ሊጸና ይችላል፤ ጕዳት የለውም።

አትላንታ ሲደርሱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሆኖ ነበር። ልጂቱ ሕፃኑን ታቅፋ በደጃፉ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ፊቷ ገርጥቶ፥ ሰውነቷም ቀንሶ ነበር። መሳሳሙና እንባው ካለፈ በኋላ እናቲቱ ከሁሉ አስቀድማ ድስቱን ከነጩ ሣጥን አወጣች። ሲከፈትም የበርበሬውና የቅመሙ ሽታ ቤቱን መላው። ምንም የሚያስጠላ ሽታ አልነበረበትም፤ መልኩም አልተለወጠም። ልጂቱም፥ «እማዬ! እስከዚህ ድረስ ይዘሽልኝ መጣሽ!» ብላ ሳቀች፤ ከወለደች ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ ማንም አላያትም ነበር።

ወንድሟ ግን መለኪያውን በወጡ መካከል አገባው። 15 ዲግሪ አለ። መቼ ከ4 ዲግሪ እንዳለፈ፥ በሻርሎት ይሁን ከዚያም በፊት፥ የሚያውቅ የለም። «እማዬ፥ ይህ አይበላም» አለ። እናቲቱም፥ «ይፈላል! የፈላ ነገር ምን ይሆናል? እሳት የማያጠራው ነገር አለን?» አለች። እርሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ ሲል አስረዳት። እሳት ተሐዋስያኑን ይገድላል፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ግን ሳይሞቱ በፊት በምግቡ ውስጥ መርዝ ያፈስሳሉ። ስታፊሎኮከስ የሚባለው በሰው ቆዳና በአፍንጫ የሚኖር ነው፤ መርዙም በማፍላት አይጠፋም። ይህም እሾህ በጎዳና በትኖ እንደ ሞተ ወንበዴ ነው፤ ወንበዴው ሞተ ተብሎ እሾሁ አይነሣም። መርዙም ሽታ የለውም፤ ጣዕምም አይለውጥም።

እናቲቱ አልረታችም ነበር። ሁለት ቀን የሽንኩርት እንባ ያፈሰሰችበትን፥ 1,000 ኪሎ ሜትር ያመጣችውን ወጥ መጣል ነውር ሆነባት፤ እህልን መጣል በአገሯ ኀጢአት ተብሎ ያደገች ናትና። የረታት የልጇ ክርክር አልነበረም፤ የአራሲቱ ቃል ነው። ልጂቱ በሁለቱ መካከል ገብታ፥ «ተዉ አትከራከሩ፤ እኔ እበላዋለሁ። ከእማዬ እጅ የመጣ ምን ያደርገኛል?» አለች። ይህንም ስትል አልጠረጠረችም፥ አልጠየቀችም፤ ሰሐን ለማምጣት ተነሣች።

በዚያን ጊዜ እናቲቱ ክፉኛ ደነገጠች። ልጇ ወጡን የምትበላው ወጡን አይታ ሳይሆን እርሷን አምና መሆኑን አስተዋለች። የነጩ ሣጥን ክዳን ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተ ልጂቱ አላየችም፤ የሕፃኑን የራሰ እጅ አላየችም፤ በተዘጋው መንገድ ላይ አራት ሰዓት አልተቀመጠችም። ያየችው ምስክር እናቲቱ ብቻ ናት። ምስክሩ ዝም ካለ፥ የሚበላው ሰው በምን ያውቃል? አራሲቱ ብትታመም ደግሞ ሕፃኑን ማን ያጠባል?

እናቲቱም አንድ ቃል ሳትናገር ድስቱን አነሣች። ወጡን ውሻ እንኳ እንዳያገኘው በድርብ ከረጢት ቋጥራ ከቤት ውጭ ጣለችው፤ ተመልሳም እጇን ረጅም ጊዜ ታጠበች። ልጂቱ ልትቃወም አፏን ስትከፍት፥ «ልጄ፥ ይህን መንገድ የመጣሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ አይደለሽም። የሆነውን የማውቀው እኔ ነኝ» አለቻት። ከዚህም በላይ አልተናገረችም።

ከዚያም ትልቁ ሣጥን ተከፈተ። ከደረቁ በረዶ ገና ጥቂት ቀርቶ ነጭ ጢስ የመሰለ ነገር ይወጣበት ነበር፤ ዶሮውም ቁሌቱም እንደ ድንጋይ ጠንክረው ተገኙ። ወንድየው ዶሮውን ከነከረጢቱ በቀዝቃዛ ውኃ ነከረው፤ ውኃውንም በየ30 ደቂቃው ይለውጥ ጀመር፤ በሞቃት ስፍራ አውጥቶ ማቅለጥ በመንገድ የተጠበቀውን በመድረሻ ማጥፋት ነውና። እናቲቱም እስኪቀልጥ ድረስ ለልጇ ገንፎ አገነፋችላት፤ ሕፃኑንም ታቀፈች። ቁሌቱ በድስት ሲጣድ ቤቱ ዳግመኛ በሽታው ተመላ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እንቁላሉ ተልጦ ገባ፤ ሰሐኑም ቀረበ። ልጂቱ እየበላች አለቀሰች፤ እናቲቱም እያየቻት ተቀመጠች። ይህን ለማየት ነበር የመጣችው፤ አራት ሰዓት ዘግይቶ ሆነላት።

ለሌላ ሰው በሩቅ መንገድ የሚወሰድ ምግብ ሁሉ አደራ ነው። ቋንጣውና በሶው ባሕርያቸው የጸና ስለ ሆነ፥ የአደራቸው ሸክም ቀላል ነበር። የበረዶው ስንቅ ግን መልኩን ሳይለውጥ ሊከዳ ይችላልና፥ እውነቱ በምግቡ ላይ አይነበብም፤ በጠባቂው ልብ ብቻ ነው ያለው። ሰው የወደደውን ለማብላት ሲቸኩል የሚያውቀውን መርሳት ይቀናዋል፤ ፍቅር ሞቃት ነው፤ ይህ ስንቅ ደግሞ ሙቀትን አይችልም። ስለዚህ የሚያመጣው ሰው እጁ የቀዘቀዘ፥ ልቡ የነቃ፥ ሲያስፈልግም የደከመበትን ለመጣል የማያፍር መሆን አለበት። በአገራችን የተሰጠውን አደራ ለራሱ ያደረገ ሰው «አደራ በላ» ይባላል፤ ያን ሌሊት ግን እናቲቱ ወጡን ጥላ አደራውን አነሣች።

ከዚያ ወዲህ ወደ ልጇ በሄደች ጊዜ ሁሉ ያለቀለት ወጥ አትይዝም፤ ለመጠጥ የሚሆነውም ሣጥን ብቻውን ነው። በትልቁም ሣጥን ክዳን ላይ አንዲት ወረቀት ትለጥፋለች፤ በወረቀቷም ሣጥኑ የተዘጋበትን ሰዓት፥ በመንገድም ቢከፈት የተከፈተበትን ሰዓት በእጇ ትጽፋለች። ወንድ ልጇም አንድ ቀን፥ «እማዬ፥ ይህን ለማን ነው የምትጽፊው?» ብሎ ጠየቃት። እርሷም ክዳኑን በእጇ ጫን እያደረገች፥ «ለሚበላው ሰው ነው፤ እርሱ መንገዱን አላየም» አለችው።